ከቦርዱ በፊት ነፋሱ፦ ካይትሰርፊንግ ለጀማሪ

ካይትሰርፊንግ ሊማር የተነሣ ሰው ሐሳቡ ሁሉ ቦርዱ ላይ ነው። ውኃ ላይ እንዴት ይቆማል? ሚዛንስ እንዴት ይጠበቃል? በየፎቶግራፉ የሚታየው ቦርድ ላይ ቆሞ የሚንሸራተት ሰው ስለሆነ ይህ አይገርምም። ሥራውን የሚያውቅ አሠልጣኝ ግን በመጀመሪያው ቀን ቦርድ የሚባል ነገር አያወጣም። ተማሪውን አሸዋው ላይ ያቆመውና ስለ ነፋስ ይጠይቀዋል። ከየት ይመጣል? ወዴት ይሄዳል? አሁን ካለበት ይበረታ ይሆን ወይስ ይደክማል? ከዚያ ትንሽ ካይት ያስይዘውና ገና ከመነሣቱ እንዲለቀው ያዘዋል።

ካይትሰርፊንግ ከ20 እስከ 24 ሜትር በሚረዝሙ ገመዶች ጫፍ የሚበር ትልቅ ካይት (ነፋስ የሚይዝ የሸራ ክንፍ) ቦርድ ላይ የቆመን ሰው በውኃ ላይ የሚጎትትበት ስፖርት ነው። ሞተር የለውም፣ ነዳጅ አይጠይቅም። የትምህርቱ ትልቁ ክፍል ካይቱን ማብረር ነው። ከማብረሩም ውስጥ ትልቁ ቁም ነገር ጉልበቱን መቼና እንዴት መልቀቅ እንደሚቻል ማወቅ ነው። ቦርድ ላይ መቆም በመጨረሻ ይመጣል፤ ካይቱን በደንብ ላወቀ ሰው ደግሞ ከተፈራው በታች ያስቸግራል።

ካይት ከባድ ነገር መጎተት እንደሚችል ከታወቀ ቆይቷል። ጆርጅ ፖኮክ የተባለ በእንግሊዟ ብሪስቶል የሚኖር መምህር በ1826 በካይት ለሚጎተት ሠረገላ የፈጠራ መብት አስመዝግቦ ነበር (በዚህ ምዕራፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ዘመን የመንገድ ቀረጥ የሚሰላው በፈረስ ቁጥር ስለነበር የፖኮክ ሠረገላ ኬላውን ሳይከፍል ያልፍ ነበር ይባላል። በ1903 ደግሞ ሳሙኤል ኮዲ የተባለ ሰው ካይት በሚጎትታት ትንሽ ጀልባ ከፈረንሳይ ካሌ ተነሥቶ እንግሊዝ ዶቨር ገባ። ችግሩ የነበረው ካይቱ የወደቀ ጊዜ ነው። ውኃ ላይ ያረፈ ሸራ ይርሳል፣ ይከብዳል፣ ተመልሶ አይነሣም፤ ሰውየውም ባሕር መካከል ይቀራል።

መፍትሔው የመጣው ከፈረንሳይ ብሪታኒ ጠረፍ ነው። ብሩኖና ዶሚኒክ ለጌኙ የተባሉ ወንድማማቾች በ1984 የፊት ጠርዙ በአየር የሚነፋ ካይት ሠርተው የፈጠራ መብት አስመዘገቡ። አየር የሞላው ቱቦ ለካይቱ ቅርጽ ይሰጠዋል፣ ሲወድቅም ያንሳፍፈዋል፤ ስለዚህ ሰውየው ውኃ ውስጥ ሆኖ ገመዱን በመሳብ ብቻ መልሶ ሊያስነሣው ይችላል። በአሜሪካ በኩል የቦይንግ መሐንዲስ የነበረው ቢል ሮዝለር ከልጁ ከኮሪ ጋር በኮሎምቢያ ወንዝ ሸለቆ የውኃ ስኪን ከካይት ጋር አጣምሮ ይሞክር ነበር። የወንድማማቾቹ ካይት ዊፒካ በሚል ስም በ1997 ለገበያ ቀረበ። በዚያው ሰሞን እንደ ሌርድ ሃሚልተንና ማኑ በርታን ያሉ ታዋቂ ሰርፈሮች ሃዋይ ውስጥ በማዊ ደሴት በካይት እየተጎተቱ በማዕበል ላይ ሲጋልቡ ታዩ። ስፖርቱ ወደ ዓለም የተሠራጨው ከዚያ ወዲህ ነው።

የዚያን ጊዜዎቹ ካይቶች ግን አንድ ክፉ ጠባይ ነበራቸው። ሲጎትቱ ይጎትታሉ፤ በቃችሁ ሲባሉ አይሰሙም። ድንገት የበረታ ነፋስ ከመጣ ሰውየው ጉልበቱን የሚቀንስበት በቂ መንገድ አልነበረውም። በስፖርቱ የመጀመሪያ ዓመታት የደረሱት ክፉ አደጋዎች በአብዛኛው ከዚህ የመነጩ ናቸው፤ እየተጎተቱ ከድንጋይ፣ ከአጥርና ከግንብ ጋር የተላተሙ ሰዎች ነበሩ። በ2005 ብሩኖ ለጌኙ ራሱ ጠፍጠፍ ያለ አዲስ ቅርጽ ይዞ መጣ። በዚህኛው ካይት ላይ በእጅ የተያዘው ዘንግ ወደ ፊት ሲገፋ ጉልበቱ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። በአንድ ግፊት ከሰውነት የሚያላቅቁ መክፈቻዎችም እየተሻሻሉ ሄዱ። ዛሬ ጀማሪ በጥቂት ቀናት ተምሮ ውኃ ላይ መውጣት የቻለው ካይት መጎተት ስለ ተማረ አይደለም፤ መጎተቱንማ ፖኮክም ያውቀው ነበር። የተገኘው አዲስ ነገር መልቀቅ ነው።

መልቀቅ ለምን ይህን ያህል ያስፈልጋል? ቁጥሩን እንየው። የባሕር ሰዎች የነፋስ ፍጥነት የሚለኩት በኖት ነው፤ 1 ኖት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው። ለጀማሪ የሚመቸው ከ12 እስከ 20 ኖት ያለው ነው። በ15 ኖት ነፋስ 12 ካሬ ሜትር የሆነ ካይት ሰማይ ላይ ዝም ብሎ ቢቆም በግምት የ43 ኪሎ ግራም ክብደት ያህል ይስባል። ነፋሱ እጥፍ ሆኖ 30 ኖት ቢደርስ ስበቱ 86 አይሆንም፤ 170 ኪሎ ያልፋል። የነፋስ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ ልክ ስለሚያድግ ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ጀማሪ ሊሸመድደው የሚገባ የፊዚክስ ሕግ ቢኖር ይኸው አንዱ ነው። ነፋሱ ሲጨምር የካይቱ ስፋት መቀነስ ያለበትም ለዚህ ነው፤ አንድ ሰው ለተለያየ ነፋስ 7፣ 9 እና 12 ካሬ ሜትር የሆኑ ካይቶች ይዞ ቢታይ የገንዘብ ትርፍ ስላለው ብቻ አይደለም።

(ለአገራችን አንባቢ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ስሌት በባሕር ጠለል ላይ ላለ አየር ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ 1,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው በላንጋኖ ሐይቅ ያው 15 ኖት ነፋስ የሚስበው በ15 በመቶ ያህል ቀንሶ ነው።)

የነፋሱን መጠን ለማወቅ መለኪያ መያዝ መልካም ነው፤ ስልክ ላይ የሚወጣ ትንበያም ይረዳል። ዓይን ግን አይናቅም። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ፍራንሲስ ቦፈርት በ1805 የነፋስን ደረጃ ያወጣው በዓይን የሚታየውን ይዞ ነበር፤ በኋላ የዳበረው ይኸው መለኪያ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። በዚያ መለኪያ 4ኛው ደረጃ ከ11 እስከ 16 ኖት ነው፤ ምልክቱም በማዕበሉ ጫፍ ላይ ነጭ አረፋ በብዛት መታየቱ ነው። ባሕሩ ነጭ ነጠብጣብ ካወጣ ለካይት የሚሆን ነፋስ አለ። ሁሉ ቦታ ነጭ ከሆነና የማዕበሉ ጫፍ እየተቆረጠ የሚበተን ከሆነ ጀማሪው ቁጭ ብሎ ሌሎችን ቢያይ ይሻለዋል።

ከመጠኑ ይልቅ የሚያሳስበው አቅጣጫው ነው። ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር የሚነፍስ ከሆነ ውኃው ዳር ዳሩን ጸጥ ብሎ ይታያል፣ ይጋብዛል፤ ካይቱ የወደቀበት ሰው ግን ቀስ በቀስ ከባሕሩ ዳር ይርቃል፤ መላሽ የለውም። ነፋሱ በቀጥታ ከባሕር ወደ የብስ ሲመጣ ደግሞ ሰውየውን ወደ ዛፍና ወደ ሕንፃ ይገፋዋል። ተመራጩ ከጎን መጥቶ በመጠኑ ወደ የብስ የሚያዘነብለው ነው። እንዲህ ያለ ነፋስ ባሕሩን ዳር ይዞ ለመሄድ ይመቻል፤ አንድ ነገር ቢበላሽም ቀስ እያለ ወደ አሸዋው ይመልሳል።

በዛንዚባር ደሴት ምሥራቃዊ ጠረፍ የምትገኘው ፓጄ የካይት መንደር የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ካስካዚ የሚሉት ነፋስ ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። ከሰኔ እስከ መስከረም ደግሞ ኩሲ ከደቡብ ምሥራቅ ይነሣል። የፓጄ ጠረፍ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ስላዞረ ሁለቱም ነፋሶች በአንዱ ወይም በሌላው ጎን በኩል ይደርሱታል። እነዚህ ነፋሶች ለስፖርት ሲባል የተገኙ አይደሉም፤ የዐረብና የሕንድ ነጋዴዎች በሸራ ጀልባ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የወረዱትና የተመለሱት በእነርሱ ወቅት ነው። ኩሲ የሚነፍስበት ጊዜ ከእኛ ክረምት ጋር መግጠሙም ያለ ምክንያት አይደለም። በእነዚያ ወራት የሞቃታማው ክልል የዝናብ መቀነት ወደ ሰሜን ይጓዛል፤ ነፋሱም ወደዚያው ያመራል። አዲስ አበባ ጃንጥላ የሚገዛበት ሳምንት ፓጄ ላይ ካይት የሚነፋበት ሳምንት ነው።

ከጠረፉ ራቅ ብሎ የኮራል ሪፍ አለ። የውቅያኖሱ ትልቅ ማዕበል እዚያ ይሰበርና ከሪፉ ወዲህ ያለው ውኃ ረጋ ያለና ጥልቀቱ አነስተኛ ሆኖ ይቀራል፤ ተማሪው የወደቀ እንደሆነ በብዙ ቦታ እግሩ መሬት ይነካል። ፓጄ ግን የራሷ መዘዝ አላት። ባሕሩ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜም ይጎድላል፤ በጨረቃ ሙላት ሰሞን ልዩነቱ ከ3 ሜትር በላይ ይሆናል። ሲጎድል ውኃው እጅግ ይርቅና አሸዋው፣ አለቱና እሾሃማው የባሕር ጃርት ይገለጣሉ። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአካባቢው ሴቶች በዚያው ውኃ ውስጥ እንጨት ተክለው፣ ገመድ ዘርግተው ለገበያ የሚሆን የባሕር ሣር ያመርታሉ። የሰው እርሻ ነው፤ በቦርድ አይረገጥም። ስለዚህ እዚያ የሚማር ሰው የነፋሱን ትንበያ ብቻ አይቶ አይነሣም፣ ባሕሩ የሚሞላበትንም ሰዓት ይጠይቃል። ጫማም ያደርጋል።

አሁን ካይቱን እናስነሣው። ነፋሱን ከጀርባዎ አድርገው ይቁሙ። ካይቱ ሊበር የሚችለው ከፊትዎ ባለ የሩብ ኳስ ቅርጽ ባለው ሰማይ ውስጥ ብቻ ነው። አሠልጣኞች ይህን ሰማይ እንደ ሰዓት ፊት ይቆጥሩታል፦ ከአናትዎ በላይ 12፣ በግራ ጠርዝ 9፣ በቀኝ ጠርዝ 3። በእኛ አቆጣጠር ሳይሆን በሰዓቱ ፊት ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይውሰዱ፤ “12” ሲባሉ ካይቱ ከአናትዎ በላይ ይሁን ማለት ነው። በጠርዞቹ ላይ ካይቱ ብዙም አይስብም። ጉልበቱ ያለው መካከል ላይ፣ ልክ ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ካይት ሁልጊዜ ከጠርዝ ይነሣል። መካከል ላይ የተነሣ ካይት ሰውን ነቅሎ ይወስዳል።

ከላይ ያየነው የ43 ኪሎ ስሌት ለቆመ ካይት ነበር። የሚንቀሳቀስ ካይት ሌላ ነው፤ እየበረረ ሲሄድ የሚያገኘው ነፋስ እኛ ፊታችን ላይ ከሚሰማን ይበልጣል። ከነፋሱ በሁለት እጥፍ ፍጥነት መካከሉን አቋርጦ ቢበር የሚሰማው ነፋስ 2.2 እጥፍ ያህል ይሆናል፤ በካሬ ሲባዛ ጉልበቱ አምስት እጥፍ ይደርሳል። 43 የነበረው ለቅጽበት ከ200 ኪሎ ሊያልፍ ነው ማለት ነው። ሰውየው ሲንሸራተትና ገመዱ ዘወር ሲል ይህ ይቀንሳል፤ ያም ሆኖ ጀማሪ ካይቱን በመካከል ሲያሳልፍ ለምን ከአሸዋው ላይ ብድግ እንደሚል ከዚህ ይገባናል። ቦርድ ላይ ለመነሣት የምንጠቀምበትም ይኸው ጉልበት ነው። መጠኑ ብቻ ይለያል።

ዕቃው ብዙ አይደለም። ካይቱ፣ ገመዶቹ የሚታሰሩበት ዘንግ፣ ወገብ ላይ የሚታሰር መንጠቆ ያለው ሰፊ ቀበቶ፣ መንፊያ ፓምፕ፣ ቦርድ፣ ሄልሜትና ተንሳፋፊ ጃኬት። ገመድ የሚቆርጥ ትንሽ ቢላም ቀበቶው ላይ አይጠፋም። ጉተታው በክንድ ላይ ሳይሆን በወገብ ቀበቶው ላይ ስለሚያርፍ ስፖርቱ ጡንቻ ላለው ብቻ አይደለም። ለጀማሪ የሚመረጠው ቦርድ ሁለቱም ጫፉ አንድ ዓይነት የሆነ፣ ከ135 እስከ 145 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ሰፋ ያለ ቦርድ ነው። በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ካይት ለመጀመሪያ ጊዜ ገብቶ ማርሴይ ላይ ሲካሄድ የታየው ከውኃው በላይ ተንሳፎ የሚሄድ ቦርድ ሌላ ዓይነት ነው፤ ከሥሩ ክንፍ አለው። አሌክስ ኬዘርግ የተባለው ፈረንሳዊ በ2017 ፍጥነቱን 57.97 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 107 ኪሎ ሜትር ያደረሰውም ለፍጥነት ብቻ በተዘጋጀ ዕቃና ቦታ ነው። አሮጌ ካይት ገዝቶ ለመጀመር ለሚያስብ ሰው የምመክረው አንድ ነገር አለ፦ ሸራው ቢጠገን ግድ የለም፤ ከ2005 በፊት የተሠራ ከሆነ ወይም መክፈቻው የዛገ ከሆነ ግን በነጻም አይውሰዱት።

ትምህርቱ በብዙ ቦታ ከ9 እስከ 12 ሰዓት ይወስዳል፤ በሦስት ወይም በአራት ቀን ተከፋፍሎ ይሰጣል። መጀመሪያ 2 ወይም 3 ካሬ ሜትር የሆነች መለማመጃ ካይት አሸዋ ላይ ትበራለች። ቀጥሎ ትልቁ ካይት ይነፋል፤ ተማሪው ውኃ ውስጥ ገብቶ ያለ ቦርድ በሆዱ ተኝቶ ይጎተታል። ብዙ ተማሪ ይህን ክፍል እንደ ጊዜ ማባከን ያየዋል። ተሳስቷል። አንድ ቀን ቦርዱ ከእግሩ ወጥቶ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ሲቀር፣ ወደ እሱ የሚመልሰው አንድ ክንድ እንደ ጀልባ መሪ ውኃ ውስጥ ዘርግቶ በሰውነት መጎተት ብቻ ነው። ገመዱን ዘንጉ ላይ ጠቅልሎ፣ ካይቱን ይዞ፣ እንደ ሸራና እንደ መንሳፈፊያ እየተጠቀመ ራሱን ወደ ዳር ማውጣትም በዚሁ ጊዜ ይማራል። ይህን ያላስተማረ ትምህርት ቤት አላስተማረም።

በዚህ ሁሉ መካከል የሚያስቸግረው የሰው ተፈጥሮ ነው። ፈረስ የጋለበ ሰው ሲደነግጥ ልጓሙን ይስባል፤ ፈረሱም ይቆማል። ካይት ግን ተቃራኒ ነው፤ ዘንጉን ወደ ደረቱ የሳበ ሰው ጉልበት ይጨምርበታል። የደነገጠ እጅ ደግሞ መጨበጥና መሳብ እንጂ ሌላ አያውቅም። ስለዚህ ሦስት ነገሮች እጅ እስኪለምዳቸው ድረስ ይደጋገማሉ። አንደኛው ዘንጉን መግፋት ወይም ጨርሶ መልቀቅ ነው፤ ካይቱ ጉልበቱን ያጣል። ያ ካልበቃ በወገብ ላይ ያለው ቀይ መክፈቻ ወደ ፊት ይገፋል፤ ካይቱ ተጣጥፎ በአንድ ቀጭን ገመድ ብቻ ተይዞ ይወድቃል። እሱም ካልበቃ የመጨረሻው መክፈቻ ይከፈታል፤ ካይቱም ለነፋስ ይተዋል። ካይት ውድ ነው፤ እዚህ ላይ የሚያመነታ ሰው አይጠፋም። አያመንታ።

ከዚያ በኋላ ቦርዱ ይመጣል። ተማሪው ውኃ ውስጥ ተቀምጦ እግሮቹን ቦርዱ ላይ ካለው ማሰሪያ ያስገባል፣ ካይቱን 12 ላይ ያቆማል፣ ከዚያ በሚሄድበት አቅጣጫ አንድ ጊዜ ዝቅ ያደርገዋል። ጉተታው ራሱ ያነሣዋል። ከአሥር አንዱ ሙከራ ቢሳካ ለመጀመሪያ ቀን መልካም ነው። ከመነሣቱ የሚብሰው ወደ ተነሡበት ቦታ መመለስ ነው። ጀማሪ ሁሉ ነፋሱ ወደሚሄድበት እየተንሸራተተ ይወርድና ቦርዱን ተሸክሞ በአሸዋው ላይ በእግሩ ይመለሳል። ቦርዱን በጠርዙ አጋድሞ፣ ዓይኑን ሊሄድበት ወደሚፈልገው ቦታ ተክሎ ወደ ነፋሱ ምንጭ ማዘንበል የቻለ ቀን ራሱን የቻለ ካይተር ይባላል። ሰፊ ተቀባይነት ያለው ዓለም አቀፉ የካይትቦርዲንግ ድርጅትም ሦስተኛውን ደረጃ የሚሰጠው በዚህ አካባቢ ነው።

ውኃው የጋራ ስለሆነ ጥቂት ደንቦች አሉ። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት የተገናኙ እንደሆነ ቀኝ እጁንና ቀኝ እግሩን አስቀድሞ የሚሄደው መንገዱን ይቀጥላል፤ ሌላው ይለቅለታል። ሲተላለፉ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው ካይቱን ከፍ፣ ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ያለው ዝቅ ያደርጋል፤ ገመድ እንዳይጠላለፍ። ከዳር ተነሥቶ ወደ ባሕር የሚወጣው ወደ ዳር ከሚመለሰው ይቀድማል። አሸዋ ላይም ካይት የሚያስነሣ ሰው ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ቢያንስ 50 ሜትር ባዶ ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ ልጆች የሚጫወቱበት ዳር ካይት አይነሣበትም።

ለሐበሻ ጀማሪ ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ ዋና ይችላሉ? አብዛኞቻችን ያደግነው ከባሕር ርቀን ነው። ጃኬቱ ያንሳፍፋል፣ ካይቱም ያንሳፍፋል፤ ዋና የማይችል ሰው ግን ፊቱ ላይ ውኃ ሲረጭ ይደነግጣል። የደነገጠ እጅ የሚያደርገውን ደግሞ ከላይ አይተናል። በመጀመሪያ በመዋኛ ገንዳ ቢያንስ 200 ሜትር ሳያርፉ መዋኘት ይልመዱ። ዱባይ ያላችሁ ኡም ሱቀይም አጠገብ ያለውን ካይት ቢች ታውቁት ይሆናል፤ ለማየትም ሆነ ለመማር ቅርብ ነው። የትኛው ክልል ለካይት እንደተፈቀደ ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከአዲስ አበባ ለሚነሣ ደግሞ ዛንዚባር ቀጥታ በረራ አለው።

ትምህርት ቤት ሲመርጡ ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት ሌላ ይጠይቁ። አንድ አሠልጣኝ በአንድ ጊዜ ስንት ተማሪ ይይዛል? የሚያነሣ የሞተር ጀልባ አለ? መክፈቻውን ራሴ ስንት ጊዜ እከፍታለሁ? ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር በዞረ ቀን ምን ታደርጋላችሁ? ለመጨረሻው ጥያቄ “ትምህርት የለም” ከሚለው ሌላ መልስ የሰጠዎትን አመስግነው ይሂዱ።